ኃይል ያጣ ሴንሰር ምን ይናገራል፦ የአንድ ባለ ሽቦ አላርም ተከላ የጉዳይ ጥናት

ቦታው ከጀርባው መጋዘን የተያያዘበት ባለ አንድ ፎቅ ቢሮ ነው። ባለ 8 ዞን (ዞን ማለት ፓነሉ፣ ማለትም ዋናው መቆጣጠሪያ ሳጥን፣ ለብቻው የሚከታተለው አንድ የሴንሰር መስመር ነው) ባለ ሽቦ አላርም ገጠምን፣ ኃይል ሰጠነው፣ ዞን በዞን ሞክረን አስረከብን። በ11ኛው ቀን ማታ መብራት ጠፋ፤ አላርሙም ከሌሊቱ 8 ሰዓት ጀምሮ እስኪነጋ ሲጮህ አደረ። የገባ ሰው አልነበረም። የተበላሸ ዕቃም አልነበረም፤ ፓነሉ፣ ሴንሰሮቹ፣ ሳይረኖቹና ባትሪው ሁሉም ጤነኞች ነበሩ። ስህተቱ የእኔ የሽቦ አደላደል ነው። ፍንጩን ያገኘሁት ደግሞ በተከላው ቀን፣ ገና ኃይል ሳንሰጥ፣ በእጄ ከሞላሁት የልኬት ወረቀት ላይ ነው። ጉዳዩን ከነቁጥሩ የምጽፈው ይህ ዓይነቱ ስህተት የርክክብ ቀን ፈተናን በቀላሉ ስለሚያልፍ ነው፤ የእኔን ፈተና አልፎታል።

ቤቱና የዞኑ ድልድል

ዞን 1 የዋናው በር ማግኔት ኮንታክት (በሩ ተከፍቶ ማግኔቱ ሲርቅ የሚከፈት የሽቦ ማገናኛ) ነው፤ መግቢያና መውጫ ስለሆነ 30 ሰከንድ መዘግየት ተሰጠው። ዞን 2፣ 3 እና 4 የእንግዳ መቀበያው፣ የኮሪደሩና የፎቁ ቢሮ ሞሽን ሴንሰሮች ናቸው። ዞን 5 እና 6 መጋዘኑን ከሁለት ተቃራኒ ማዕዘን ያያሉ፤ እነዚህ የሰውነት ሙቀትንና ማይክሮዌቭን አጣምረው የሚሠሩ ሴንሰሮች ናቸው። ዞን 7 የመጋዘኑ ተጠቅላይ በር፣ ዞን 8 የኋላው በር። አንድ ኪፓድ (ኮድ የሚገባበት የቁጥር ሰሌዳ) ዋናው በር ጋ፣ ሌላው ወደ መጋዘኑ በሚያሻግረው በር ጋ ተሰቀለ። ሳይረኖቹም ሁለት ናቸው፤ አንዱ የውጭው ግድግዳ ላይ፣ ሌላው መጋዘኑ ውስጥ።

ፓነሉን ከደረጃው ሥር ባለችው ዕቃ ቤት ሰቀልነው። ከበር ሲገቡ አይታይም፤ ወደ እሱ ለመድረስም በኮሪደሩ ሴንሰር ፊት ማለፍ ግድ ነው። የመብራት ማከፋፈያውም በጥቂት ሜትር ርቀት ላይ ነው።

ኬብሉን እኛ አልዘረጋነውም። ግድግዳው ክፍት በነበረበት ጊዜ ሌሎች ባለሙያዎች ዘርግተው፣ ጫፉን ጠቅልለው ትተውልናል። ሁሉም ባለ 8 ኮር (በውስጡ ስምንት ቀጫጭን ሽቦ ያለው)፣ እያንዳንዱ ኮር 0.22 ካሬ ሚሊ ሜትር የሆነ የተለመደው የአላርም ኬብል ነው። ለእያንዳንዱ በርና ለእያንዳንዱ ኪፓድ የራሱ ኬብል ደርሶታል። ወደ መጋዘኑ መጨረሻ ግን የሄደው አንድ ብቻ ነበር፤ ከፓነሉ እስከ ጃንክሽን ቦክሱ 55 ሜትር። በእሱ ላይ ሁለት ሴንሰርና አንድ ሳይረን ማስተናገድ ነበረብኝ። ቆጠርኩት፦ ለኃይል ፖዘቲቭና ኔጌቲቭ ሁለት ኮር፣ ለዞን 5 ሁለት፣ ለዞን 6 ሁለት፣ ሳይረኑን ለሚቀሰቅሰው ምልክት አንድ። ሰባት። አንድ ኮር ተረፈ። «ይበቃል» አልኩና አለፍኩ። ኮሮቹን ቆጠርኩ እንጂ በውስጣቸው የሚሄደውን ከረንት አልቆጠርኩም።

ኃይል ከመስጠት በፊት

ከሙሉ ሥራው ውስጥ በጣም የምሳሳለት ክፍል ይህ ነው። ፓነሉ ገና ኃይል የለውም፣ ኬብሎቹ ከተርሚናል አልገቡም፣ በእጄ ያለው መልቲሜትር፣ ወረቀትና እርሳስ ነው። በዚህ ሰዓት ሽቦው የሚናገረው የራሱን እውነት ብቻ ነው። ፓነሉ ከበራ በኋላ ኪፓዱ ላይ የሚታየው የፓነሉ ትርጓሜ ነው።

ይህ ፓነል በየዞኑ ሁለት ሬዚስተር (ከረንትን የሚገታ ትንሽ ዕቃ) ይፈልጋል፤ ሁለቱም 1 ኪሎ ኦም ናቸው። አንዱ በመስመሩ ላይ በተከታታይ ይገባል፤ ሌላው የሴንሰሩን የማንቂያ ኮንታክት አቋርጦ ይታሰራል። ኮንታክቱ ሲዘጋ ከረንቱ ሁለተኛውን ሬዚስተር ትቶ በኮንታክቱ ስለሚያልፍ ፓነሉ 1 ኪሎ ኦም ያነባል፤ ይህ ሰላም ነው። ኮንታክቱ ሲከፈት 2 ኪሎ ኦም ይሆናል፤ ይህ ማንቂያ ነው። ሽቦው ቢቆረጥ ወይም የሴንሰሩ ክዳን ቢነሳ መስመሩ ጭራሽ ክፍት ይሆናል። ሁለቱ ሽቦዎች ቢነካኩ ደግሞ ወደ ዜሮ ይወርዳል። የመጨረሻዎቹን ሁለቱን ፓነሉ ታምፐር (የተነካካ ነገር አለ) ብሎ ነው የሚያሳውቀው። የሬዚስተሩ ዋጋ ከፓነል ፓነል ይለያያል፤ መመሪያውን ሳያዩ በልማድ እጅ ላይ የተገኘውን ሬዚስተር መክተት ብዙ ሰዓት ያስባክናል። ከሁሉም በላይ ግን ሬዚስተሮቹ የሚቀመጡት ሴንሰሩ ውስጥ፣ በሽቦው ጫፍ ነው። ለሥራ ስለሚመች ብሎ ፓነሉ ውስጥ የሚያስራቸው ሰው አለ፤ ያኔ ፓነሉ የሚጠብቀው ራሱን እንጂ ሽቦውን አይደለም።

ረዳቴ ወጣት ነው፤ ሥራውን ከጀመረ ገና ወራት ቢሆነውም እጁ ንጹህ ነው። እሱ እየለካ ይጠራል፣ እኔ እጽፋለሁ። ዞን 1፣ በሩ ተዘግቶ፣ 1 ኪሎ ኦም ከጥቂት ኦም ጋር፤ ጥቂቷ ትርፍ የሽቦው ናት። ዞን 2 ላይ ሲደርስ ቆመ።

«ጋሼ፣ ይሄ 2 ኪሎ ነው የሚለው። ክፍሉ ውስጥ ሰው የለም እኮ።»

ዞን 3፣ 2 ኪሎ። ዞን 4፣ 2 ኪሎ። 5 እና 6 እንደዚሁ። «ሁሉም ሴንሰሮች ተበላሽተው ነው እንዴ የመጡት?» ሲል ጠየቀኝ። አልተበላሹም። የሞሽን ሴንሰር ሪሌ (ኮንታክቱን በኤሌክትሪክ የሚዘጋና የሚከፍት ክፍል) በሰላም ጊዜ ኃይል ይዞ ኮንታክቱን ዘግቶ ይቆያል፤ ሲነቃ ይለቀዋል። ስለዚህ ኃይል የሌለው ሴንሰር ኮንታክቱ ክፍት ነው፤ ለፓነሉ የሚናገረውም «ሰው አለ» የሚለውን ነው። ይህ ሆን ተብሎ የተሠራ ነው፤ አንድ ሰው የሴንሰሩን የኃይል ሽቦ ቢቆርጥ ሴንሰሩ ዝም ብሎ እንዳይቀር። ለረዳቴ ይህን ካስረዳሁት በኋላ ከአምስቱ ዞኖች ጎን አንድ መስመር ጻፍኩ፦ «2 ኪ.ኦ.፣ ኃይል ስለሌለ»። ያቺን መስመር በኋላ እንመለስባታለን።

ዞን 8 ደግሞ በተቃራኒው አስቸገረን። የኋላው በር ተዘግቶ 1 ኪሎ ኦም። በሩን ከፈትነው፤ አሁንም 1 ኪሎ ኦም። ፓነሉ በርቶ ቢሆን ኪፓዱ «ዞን 8 ደህና ነው» ይል ነበር፤ ሁልጊዜም ደህና ነው እንዳለ ይኖራል። እንዲህ ያለው ዞን ከሚጮኸው ይልቅ ያስፈራኛል። ኮንታክቱን ፈታነው። ከኮንታክቱ የመጡት ሁለት ሽቦዎች ከበሩ ክፈፍ በላይ ባለው ቦክስ ውስጥ፣ ልባሳቸው ተልጦ፣ እርስ በርሳቸው ተጠምዝዘዋል፤ ምናልባት ኬብሉን የዘረጋው ሰው መስመሩን ለመሞከር ጠምዝዞት ሳይፈታው ቀርቶ ይሆናል። ለይተን በአዲስ አገናኘነው፤ በሩ ሲከፈት 2 ኪሎ ኦም ሰጠ። 20 ደቂቃ ፈጀብን።

ከዚያ በየኬብሉ በፖዘቲቭና በኔጌቲቭ መካከል መነካካት አለመኖሩን፣ ከየኮሩ ወደ ኧርዝም ምንም አለመፍሰሱን አረጋግጠን ወረቀቱን ዘጋነው።

ኃይል መስጠት

የመብራቱን መስመር የሠራው ፈቃድ ያለው ኤሌክትሪሺያን ነው። ከሶኬት አልተወሰደም፤ ከማከፋፈያው በራሱ ብሬከር ወጥቶ፣ ከፓነሉ ጎን 3 አምፔር ፊውዝ ባለው ማጥፊያ በኩል ነው የገባው። ሶኬት ላይ የተሰካ አላርም አንድ ቀን የጽዳት ሠራተኛ ይነቅለዋል። ኧርዙ ከብረት ሳጥኑም ከክዳኑም ጋር ታስሯል፤ ሁለቱንም በመልቲሜትር አየናቸው። የ230 ቮልት ሽቦና የአላርሙ ቀጫጭን ኬብሎች ወደ ሳጥኑ በተለያየ ቀዳዳ ገቡ።

በመጀመሪያ ፓነሉ ላይ ያገናኘነው አንድ ኪፓድ ብቻ ነው። አራት ሽቦ አለው፤ ሁለቱ ኃይል፣ ሁለቱ መነጋገሪያ። ሌላው ሁሉ ከውጭ ቆየ። ሁሉን አገናኝቶ በአንዴ የሚያበራ ሰው፣ ፊውዝ ቢቃጠልበት ከስንቱ ኬብል የትኛው እንዳቃጠለው አያውቅም።

መብራቱን ሰጠን። ትራንስፎርመሩ በስሱ አጉረመረመ፤ ሰሌዳው ላይ ያለችው ትንሽ መብራት በራች። የኃይል መውጫው ተርሚናል ላይ ለካን፤ 13.7 ቮልት። የባትሪው ጫፎች ገና ሳይሰኩ በእነሱም ላይ ለካን፤ 13.7። የታሸገ የእርሳስ ባትሪ ለረጅም ጊዜ ተሰክቶ እንዲሞላ የሚስማማው ቮልቴጅ በዚሁ አካባቢ ነው። የባትሪውን የራሱን ቮልቴጅ አስቀድመን ለክተነዋል፤ አንደኛው ባትሪ 11.4 ቮልት ስላሳየ መለስነው፣ ሁለተኛው 12.8 ሰጠ። አዲስ ባትሪ ከመደርደሪያ ወርዶ ከ12.5 በታች ካሳየ ወይ ብዙ ቆይቷል ወይ ታሟል፤ አልገጥመውም። ከዚያ መጀመሪያ ጥቁሩን፣ ቀጥሎ ቀዩን ሰካን። መብራት ቀድሞ፣ ባትሪ ተከትሎ። ብዙ ፓነሎች በባትሪ ብቻ አይነሱም፤ ከዚህም በላይ ባትሪውን ቀድሞ የሰካ ሰው የቻርጀሩን ቮልቴጅ ለብቻው የሚለካበት ዕድል ያመልጠዋል።

ፓነሉ እንደበራ ጮኸ። ክዳኑ ክፍት ነው፣ ስምንቱም ዞን ባዶ ነው፤ ታምፐር ማለቱ ትክክል ነው። የፋብሪካውን ኮድ አስገብተን ዝም አሰኘነውና ወደ ቴክኒሺያኑ ማውጫ ገባን። ያን የፋብሪካ ኮድ ያኔውኑ ቀየርነው፤ ማንም መመሪያውን ያነበበ ሰው የሚያውቀው ኮድ ነው።

ከዚህ በኋላ በየተራ፦ ኃይል አጥፍተን አንድ ኬብል እናገናኛለን፣ አብርተን ከረንቱን እናያለን፣ ዞኑን እንሞክራለን፣ ወደ ቀጣዩ። ሴንሰሮቹ ሲበሩ ለአንድ ደቂቃ ያህል ይሞቃሉ፤ በዚያ ጊዜ የሚሰጡት ምልክት አይታመንም። ሁሉ ነገር ከገባ በኋላ በሰላም ጊዜ ሥርዓቱ የሚበላው 320 ሚሊ አምፔር ሆነ።

የአውሮፓው ኢኤን 50131 መስፈርት አላርሞችን ከደረጃ 1 እስከ 4 ይከፍላል፤ ለደረጃ 2 መብራት ሲጠፋ ባትሪው 12 ሰዓት እንዲያቆይ ይጠይቃል። ሒሳቡ ቀላል ነው። 0.32 አምፔር በ12 ሰዓት 3.84 አምፔር ሰዓት ነው። ሁለቱ ሳይረኖች ሲጮኹ ጠቅላላው ወደ 1 አምፔር ይጠጋል፤ ለሩብ ሰዓት 0.25 እንጨምር። 4.1 ገደማ። ባትሪ እያረጀ ስለሚሄድ ሩቡን ስንጨምርበት 5.1 ይሆናል። የገጠምነው 7 አምፔር ሰዓት ነው። ደስ ብሎኝ ወረቀቱ ላይ ጻፍኩት።

ሳይረኖቹን ሞከርን፤ ሁለቱም ጮኹ። ብሬከሩን አጥፍተን ፓነሉን በባትሪ ለ10 ደቂቃ አቆየነው፤ ኪፓዱ መብራት መጥፋቱን ተናገረ፣ ዞኖቹ ሁሉ ሰላም ነበሩ። በየክፍሉ እየተራመድን ሴንሰሮቹን ፈተንን። የቢሮውን ባለቤት ኮድ አስተምረናት ወጣን።

እዚህ ላይ ያለውን ቀዳዳ አንባቢ አይቶት ይሆናል። ሳይረኑን የሞከርኩት መብራት ባለበት ነው። ባትሪውን የሞከርኩት ሳይረኑ ዝም ባለበት ነው። ሁለቱን አንድ ላይ አላደረግኋቸውም።

11ኛው ሌሊት

ጥበቃው የደወሉልኝ ከሌሊቱ 9 ሰዓት አካባቢ ነበር። «ልጄ፣ ይሄ ነገር ይጮሃል፣ ዝም ይላል፣ ደግሞ ይጮሃል። ዙሪያውን አይቻለሁ፣ የተሰበረ ነገር የለም።» ኮድ አልተሰጣቸውም። ባለቤቷ ከ11 ሰዓት ተኩል በኋላ ደረሰች፤ 11 ሰዓት ከ50 ላይ ኮድ አስገብታ አጠፋችው። ጎረቤት ሁሉ ሲረበሽ ነው ያደረው፤ እሷም ፊቷ ላይ ይታይ ነበር።

ጠዋት ስደርስ መጀመሪያ የጠየቀችኝ ሴንሰሮቹ እንዲቀየሩላት ነው። «የመጋዘኑ ሴንሰሮች ናቸው አሉ፤ ኪፓዱ ላይ 5 እና 6 ነው የሚለው። በቃ ቀይርልኝ።» ልክ ነበረች፣ ኪፓዱ እሱን ይላል። እኔም መጀመሪያ የጠረጠርኩት አይጥ ወይም የሌሊት ወፍ ነበር።

የፓነሉን መዝገብ አንድ በአንድ አነበብኩ። ማታ 3፡40፣ መብራት ጠፋ። ሌሊት 8፡10 ከ4 ሰከንድ፣ ዞን 7፣ ተጠቅላይ በሩ፤ ወዲያው ተዘጋ። 8፡10 ከ5 ሰከንድ፣ ዞን 5 እና ዞን 6፣ ሁለቱም በአንዲት ሰከንድ። ከ10 ደቂቃ በኋላ የሳይረኑ ጊዜ አለቀ። ከዚያ ከአንድ ደቂቃ በኋላ ደግሞ 5 እና 6። እንደገና 10 ደቂቃ። እንዲህ እያለ 20 ጊዜ። ዞን 7 ከመጀመሪያዋ አንዲት ጊዜ በቀር ዳግም አልታየም።

ዞን 7 ግልጽ ነበር፤ ያን ሌሊት ንፋስ ነበር፣ በሩ ሲንቀጠቀጥ ማግኔቱ ከኮንታክቱ ለአፍታ ርቋል። ያሳሰበኝ 5 እና 6 ነው። ሁለቱ ሴንሰሮች ከተቃራኒ ማዕዘን በተለያየ አቅጣጫ ያያሉ፤ በመሀላቸው መደርደሪያ አለ። አንድ አይጥ ሁለቱንም በአንዲት ሰከንድ፣ ለዚያውም 20 ጊዜ፣ ሊነካቸው አይችልም። ሁለቱ የሚጋሩት ነገር ያ ኬብል ብቻ ነው።

የፓነሉን ክዳን ስከፍት የልኬት ወረቀቱ ከውስጥ ተለጥፎ ነበር። ዞን 5፣ «2 ኪ.ኦ.፣ ኃይል ስለሌለ»። ዞን 6፣ «2 ኪ.ኦ.፣ ኃይል ስለሌለ»። እዚያው ቆሜ ደጋግሜ አነበብኩት። ሴንሰሮቹ ያን ሌሊት ያዩት ነገር የለም። ኃይል አጥተው ነው «ሰው አለ» ያሉት። ኃይሉን የወሰደባቸውስ ማን ነው? አብሯቸው በዚያው ሽቦ ላይ ያለው ሳይረን።

በሴንሰሩ ተርሚናል ላይ

መገመት አልፈለግሁም፤ በዓይኔ ማየት ነበረብኝ። ረዳቴን ፓነሉ ጋ አቆምኩት፣ እኔ የጆሮ መከላከያ አድርጌ መሰላል ላይ ወጣሁና የዞን 5ን ሴንሰር ክዳን ከፈትኩ። የመልቲሜትሩን ሁለት ጫፎች በፖዘቲቩና በኔጌቲቩ ብሎን ላይ አሳረፍኩ። ብሬከሩ ጠፍቷል፤ ሥርዓቱ በባትሪ ነው። ሳይረኑ ዝም ባለበት 11.7 ቮልት። ሴንሰሩ ከእጄ እንቅስቃሴ የተነሳ ቀይ መብራቱን ያበራል፣ ያጠፋል፤ ሕያው ነው።

ሳይረኑን እንዲያስጮኸው በእጄ ምልክት ሰጠሁት። ቁጥሩ በአንድ ቅጽበት ወደ 8.6 ወረደ። የሴንሰሩ ቀይ መብራት ደነገዘ፣ ጠፋ። ሪሌው «ጠቅ» ሲል ድምፁን ባልሰማውም በጣቴ ሥር ተሰማኝ። እጄን ፊቱ ላይ አወዛወዝኩ፤ ምንም። የሞተ ሴንሰር። ሳይረኑ ሲቆም ቁጥሩ ወደ 11.7 ተመለሰ፤ ሴንሰሩ መብራቱን እያብለጨለጨ መሞቅ ጀመረ፤ ኮንታክቱን ዘጋ፣ መልሶ ከፈተ። ያቺ መዝጋትና መክፈት ለፓነሉ አዲስ ማንቂያ ናት።

የሴንሰሩ ወረቀት ከ9 እስከ 16 ቮልት ይሠራል ይላል። 0.22 ካሬ ሚሊ ሜትር የሆነ የመዳብ ኮር በ100 ሜትር 8 ኦም ገደማ ተቃውሞ አለው። ኃይሉ 55 ሜትር ይሄዳል፣ 55 ሜትር ይመለሳል፤ በ110 ሜትር 8.6 ኦም። በሰላም ጊዜ ሁለቱ ሴንሰሮች 40 ሚሊ አምፔር ብቻ ስለሚበሉ መንገድ ላይ የሚጠፋው 0.34 ቮልት ነው፤ ማንም አያስተውለውም። ሳይረኑ 350 ሚሊ አምፔር ሲጨምርበት 390 ይሆናል፤ የሚጠፋው 3.35 ቮልት ነው። መብራት ባለ ጊዜ ከ13.7 ላይ 3.35 ቢቀነስ 10.35 ይቀራል፤ ሴንሰሩ ይኖራል። ለዚህ ነው በርክክብ ቀን ያለፈው። በባትሪ ጊዜ ግን ፓነሉ የሚያወጣው 11.9 ነበር፤ ሲቀነስ 8.55። ከ9 በታች።

ስለዚህ ንፋሱ በሩን ነቀነቀ፣ ሳይረኑ ጮኸ፣ ሳይረኑ ሴንሰሮቹን አስራበ፣ የተራቡት ሴንሰሮች ሳይረኑን መልሰው ቀሰቀሱት። ባትሪውም ሒሳቤን አልጠበቀም። እኔ የጻፍኩለት የሩብ ሰዓት ጩኸት ነው፤ የጮኸው ግን ከሦስት ሰዓት በላይ ነው። ባለቤቷ ስታጠፋው ከ7ቱ 5 አምፔር ሰዓት ያህል አልቋል። እንደዚያው ቢቀጥል መብራት ከጠፋ 12 ሰዓት ሳይሞላው ያልቅ ነበር፤ ያኔ ሕንፃው በእርግጥ ያለ ጠባቂ ይቀራል።

ምን አደረግን

የመጀመሪያው ሐሳብ የተረፈችውን ኮር ከፖዘቲቩ ጋር ማጣመር ነበር፤ በደቂቃ የሚያልቅ ሥራ ነው። ሒሳቡን ሠራሁት። የአንዱ አቅጣጫ ተቃውሞ በግማሽ ይቀንሳል፣ ድምሩ ወደ 6.45 ኦም ይወርዳል፣ የሚጠፋው 2.5 ቮልት ይሆናል፤ ሴንሰሩ ላይ 9.4 ይቀራል። ያልፋል፤ ግን ባትሪው እየደከመ ሲሄድ፣ ወይም በሁለተኛው ዓመት ሲያረጅ፣ ያው ሌሊት ይመለሳል። ተውኩት። ሁለተኛው መንገድ መጋዘኑ ውስጥ የራሱ ባትሪ ያለው ተጨማሪ የኃይል ሳጥን መትከል ነው፤ ትክክለኛ መፍትሔ ነው፣ ነገር ግን ለአንዲት ሳይረን ተብሎ ሌላ የመብራት መስመርና በየጊዜው የሚቀየር ሌላ ባትሪ ይመጣል።

የመረጥነው አዲስ ኬብል ነው። ባለ 6 ኮር ኬብል በመጋዘኑ ጣሪያ ሥር ዘርግተን ሳይረኑን ከሴንሰሮቹ ለየነው፤ ሁለት ኮር ለፖዘቲቭ፣ ሁለት ለኔጌቲቭ፣ አንድ ለመቀስቀሻው ምልክት። ግማሽ ቀን ፈጀ። ወጪውን በባለቤቷ ላይ አልጫንኩም፤ በመጀመሪያው ቀን መሠራት የነበረበት ሥራ ነው።

ሌሎች ሁለት ነገሮችም ተስተካከሉ። የተጠቅላይ በሩ ማግኔት ወደ ኮንታክቱ ቀረበ፤ በሩን በትከሻችን እየገፋን ሞከርነው፣ አልከፈተም። ፓነሉ ደግሞ አንድ ዞን በአንድ ሌሊት ስንት ጊዜ ማስጮህ እንደሚችል የሚወስን ገደብ አለው፤ ሳላበራው ቀርቼ ነበር፣ 3 ላይ አደረግኩት። ይህ ሁለተኛው መከላከያ እንጂ መፍትሔ እንዳልሆነ ለረዳቴ አስምሬ ነግሬዋለሁ። ገደቡ በርቶ ቢሆን አላርሙ ሦስት ጊዜ ጮኾ ዝም ይል ነበር፤ እኔም አይጥ ነው ብዬ አልፌው ይሆናል።

ጥበቃውም ማጥፊያ ኮድ ተሰጣቸው፤ የራሳቸው ቁጥር ነው፣ ማን መቼ እንዳጠፋ መዝገቡ ላይ ይጻፋል።

ባትሪው ከሦስት ቀን በኋላ ሙሉ በሙሉ ሲሞላ ተመልሰን መጣን። ብሬከሩን አጠፋን፤ ሁለቱንም ሳይረኖች አስጮኽን፤ እየጮኹ ሳሉ ለካን። ዞን 5 ሴንሰር ላይ 11.5። ዞን 6 ላይ 11.5። ሳይረኑ ራሱ ጋ 10.4። ረዳቴ መሰላሉ ላይ ሆኖ እጁን በሴንሰሩ ፊት ሲያወዛውዝ ቀዩ መብራት እንደ ወትሮው ይበራል፣ ይጠፋል። ከወረቀቱ ላይ አዲስ ዓምድ አሰመርኩና ርዕሱን «በባትሪ፣ ሳይረን እየጮኸ» ብዬ ቁጥሮቹን ሞላኋቸው።

በዚያው ሳምንት ቀደም ሲል ወደ ሠራኋቸው ሁለት ቦታዎች ሄጄ ያንኑ ዓምድ ሞላሁ። አንደኛው ደህና ነበር። ሁለተኛው ጋ በኮሪደሩ መጨረሻ ያለው ሴንሰር 9.1 ቮልት ላይ ነበር። በማግስቱ ኬብል ይዘን ተመለስን።